ቀይ ቀለምና ጥቁር መስኮት፦ በትእዛዝ መስመር ፕሮግራሞች ውስጥ ጽሑፍን ስለ ማቅለም

በአሰላ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋበዙ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ሌክቸር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበበ አንድ ባልደረባዬ «በዚህ በአሰላ ብርድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፊደል ስለ መቀባት ሊሰማ ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱ እውነትነት አለው። ይህ ጉዳይ በእኛ የትምህርት መስክ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም፤ ተማሪው ዋናውን ሥራ ከጨረሰ በኋላ በትርፍ ሰዓቱ የሚጨምረው ጌጥ ተደርጎ ይታያል። እኔም ለሃያ ዓመታት ያህል ያስተማርሁት እንዲሁ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ያነበብሁት መጽሐፍ አይደለም፤ የሠራሁት ስሕተት ነው። ስለዚህ ከስሕተቱ ልጀምር።

አስቀድሜ ግን ከሌሎች የትምህርት ክፍሎች ለመጣችሁ አንድ ቃል ላብራራ። የትእዛዝ መስመር የምንለው ተጠቃሚው የሚፈልገውን በጽሑፍ አዝዞ ኮምፒዩተሩም በጽሑፍ የሚመልስለት አሠራር ነው። ሥዕል የለበትም፤ የሚጫን ቁልፍ የለበትም። ምልልሱ የሚታይበትን መስኮት፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው፣ ተርሚናል እንለዋለን። አሮጌ ቢመስልም በአሮጌ ማሽንና በደካማ ኔትወርክ ላይ ሳይንገዳገድ ስለሚሠራ እንደኛ ላለ አካባቢ እጅግ ይስማማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመረቂያ ሥራቸውን የማማክራቸው ተማሪዎች የስንዴ ዋግ ቅኝት መረጃን የሚያጠቃልል አንድ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ሠሩ። ለአርሲ ደጋ ሰው ዋግ ምን እንደሆነ አይነገረውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን፣ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን ዝርያዎች እንዴት እንዳጠቃ የብዙዎቻችን ቤተሰቦች ያስታውሳሉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተስፋፋው ድገሉ የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ተመታ። ተማሪዎቹ ይህን እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ርእሱንም የመረጡት እነርሱ ናቸው።

ፕሮግራሙ ቀላል ነበር። ከየማሳው የመጣውን የቅኝት ውጤት ይቀበላል፤ የየቀበሌውን ስም በዝርዝር ያወጣል፤ ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ብሎ ይጽፋል። ዝቅተኛው አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ከባዱ ቀይ ነው። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ዓምዶቹ አልቀና አሉ። አንዱ ቃል ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ግራ ይቀራል፣ ሠንጠረዡ ተንጋዶ ይታያል። ተማሪዎቹ ሁለት ሳምንት ታገሉት። በመጨረሻ እኔ መጣሁና «ቀለሙ ከተናገረ ቃሉ ለምን ይደክማል? ቃሉን አውጡትና የቀበሌው ስም ራሱ ይቅለም» አልኋቸው። አወጡት። ሠንጠረዡም ቀና፣ ስክሪኑም አማረ። በምዘናው ቀንም ተጨበጨበላቸው።

በመስከረም ወር ፕሮግራሙ ለሙከራ ሥራ ላይ ዋለ። የሚያስኬደው ሰው ዝርዝሩን ወደ ፋይል አስገብቶ ርጭት ለሚያስተባብር አንድ መሥሪያ ቤት ላከው። ፕሮግራሙ ደግሞ በደንብ የተጻፈ ነበርና ውጤቱ ወደ ተርሚናል ሳይሆን ወደ ፋይል እየሄደ መሆኑን ዐውቆ ቀለሙን ሁሉ አራገፈ፤ ይህን እንዲያደርግ ያስተማርኋቸውም እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የደረሰው እንግዲህ የቀበሌዎች ስም ብቻ ነው፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እኩል። የተቀበለው ባለሙያ የተጎበኙ ቀበሌዎች ዝርዝር ነው ብሎ በፋይሉ አኖረው። ስሕተት አልሠራም፤ ወረቀቱ ያለው እርሱን ብቻ ነውና። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ሁለቱ በተርሚናሉ ላይ ቀይ ነበሩ። ይህ እስኪታወቅ ሦስት ቀን አለፈ። ቢጫ ዋግ በደጋ ብርድና እርጥበት ውስጥ ለሦስት ቀን ዝም አይልም። ከሁለቱ ቀበሌዎች በአንደኛው ያነጋገርሁት ገበሬ የማሳውን የታችኛውን ወገን ርጭቱ እንደደረሰለት፣ የላይኛው ግን ገለባ ብቻ እንደሰጠው ነገረኝ። የነገረኝ በቁጣ አልነበረም፤ ያ ይበልጥ ከበደኝ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የሚታየው እዚያ ነው።

ተርሚናል ቀለምን የሚረዳው በማምለጫ ኮድ ነው። ፕሮግራሙ ከጽሑፉ መካከል በቁጥር 27 የሚታወቀውን የማምለጫ ቁምፊ ይልካል፤ ከዚያ ክፍት ባለማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ «ኤም» የምትለዋን የላቲን ፊደል ያስከትላል። ቁጥሩ 31 ከሆነ የሚከተለው ጽሑፍ ቀይ ይሆናል፤ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ ነው። 1 ያደምቃል፣ 4 ያሰምራል፣ 7 የፊቱንና የኋላውን ቀለም ያለዋውጣል፣ 0 ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሳል። ዜሮውን የዘነጋ ተማሪ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ሲቀላ ያያል፤ ይህ ያልደረሰበት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ኮዶቹን የደነገገው የአውሮፓ ኮምፒዩተር አምራቾች ማኅበር 48ኛ መስፈርት ሲሆን የመጀመሪያ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዓለም ያስፋፋቸው ደግሞ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ በ1978 ያወጣው ቪቲ 100 የተባለው ተርሚናል ነው። የሚገርመው ቪቲ 100 ቀለም አልነበረውም፤ ማድመቅ፣ ማስመር፣ ማብለጭለጭና መገልበጥ ብቻ ይችል ነበር። በመጀመሪያ 8 የነበሩት ቀለሞች በኋላ 256 ሆኑ፤ ዛሬ ብዙው ተርሚናል ከ16 ሚሊዮን በላይ የቀለም ዓይነት ያሳያል። ስለ ብዛታቸው ይህን ያህል ይበቃል፤ አብዛኛው ፕሮግራም የሚጠቀመው አሁንም ከስምንቱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። 31 ብለን ስንልክ «ቀይ» እንላለን እንጂ የትኛው ቀይ እንደሆነ አንወስንም። እርሱን የሚወስነው የተመልካቹ ተርሚናል ነው። ጥቁር መስኮት ላይ ያማረው ቢጫ ነጭ መስኮት ላይ ጨርሶ አይነበብም፤ ነጩ ላይ የሚነበበው ጥልቅ ሰማያዊ ጥቁሩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ቀለም የሚልክ ፕሮግራመር የሚልከው ምኞቱን ነው ማለት ይቻላል።

ከማምለጫ ኮድ በፊትም ማሽኖች ሁለት ቀለም ያውቁ ነበር። የቢሮ የጽሕፈት መኪና የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ሪባኑ የላይኛው ግማሽ ጥቁር፣ የታችኛው ግማሽ ቀይ እንደነበረ አትዘነጉትም። በልጅነቴ ጸሐፊዋ አንዲት ትንሽ ማንሻ ስትነካ ፊደሉ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ቆሜ እመለከት ነበር። በቁምፊ ሰንጠረዦቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ በ14 እና በ15 ቁጥር የተቀመጡት ሁለት የመቆጣጠሪያ ቁምፊዎች በመጀመሪያ ከታሰበላቸው አገልግሎት አንዱ ይኸው ነበር፤ ሪባኑን ወደ ቀዩ ማዞርና ወደ ጥቁሩ መመለስ።

ጥቁርና ቀይ ግን በእኛ አገር ከሪባኑም በፊት ጥንዶች ነበሩ። ወደ ብራና ጸሐፊው ልውሰዳችሁ። ቁም ጸሐፊ ሲቀመጥ ከፊቱ መሬት ላይ ሁለት የቀለም ቀንድ ይተክላል፤ አንዱ የጥቁር፣ አንዱ የቀይ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ የመቃ ብዕር አለው። ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸትና ተቃጥሎ ከከሰለ እህል ነው፤ ስንዴና ገብስ በምናመርትበት አገር ይህን መናገር ደስ ይለኛል። በቀዩ የሚጻፉት የምዕራፍ መክፈቻ መስመሮች፣ የቅዱሳን ስሞች፣ ቁጥሮችና ሥርዓትን የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው። ከነጥቦቹ መካከልም ጥቁሩና ቀዩ ተቀላቅለው የሚጣሉ አሉ። በአረብኛ ፊደል በተጻፉ የሐረርና የሌሎች የእስልምና ማዕከላት የእጅ ጽሑፎችም ቀዩ ርእስንና ክፍልን ለመለየት ያገለግላል። ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለት ፊደል፤ ቀለሙ ግን አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እንኳ ልብ ሳልል ቆይቼ ያስተማረኝ አንድ ተማሪ ነው። በሦስተኛ ዓመት የላቦራቶሪ ሥራ ላይ ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ተማሪ የፕሮግራሙን ርእስና የስንዴ ዝርያዎቹን ስም በቀይ አውጥቶ አቀረበ። እኔም «ስሕተት በሌለበት ስሕተት ያለ ያስመስላል» ብዬ ሦስት ነጥብ ቀነስሁበት። በትእዛዝ መስመር ዓለም ቀይ የስሕተት መልእክት ነውና። እርሱም ትሕትናውን ሳይለቅ «ዶክተር፣ እኛ በተማርንበት ጉባኤ በቀይ የሚጻፈው የተከበረው ነው እንጂ የተሳሳተው አይደለም» አለኝ። በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም፤ ነጥቡንም አልመለስሁም። ከሁለቱ ልማዶች የአንደኛው ዕድሜ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ፣ የሌላው በብዙ መቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። እኔ አጭሩን ልማድ የተፈጥሮ ሕግ አድርጌ ነበር የምዘነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ደብተራችንን ያረሙልን መምህራን ሦስተኛውን ልማድ ሰጥተውናል፤ ምናልባት እኔን ያሳሳተኝ ከተርሚናሉ ይልቅ ያ እስክሪብቶ ሊሆን ይችላል።

ቢጫውም እንዲሁ አከራካሪ ነው። ፕሮግራሙን ለአንድ አረጋዊ ገበሬ ስናሳያቸው በአፋን ኦሮሞ የጠየቁን የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ቢጫ ደረሰ ነው ወይስ ታመመ?» የሚል ነበር። በኅዳር ቢጫ የሆነ ማሳ በረከት ነው፤ በመስከረም ቢጫ የሆነ ቅጠል ዋግ ነው። በኦሮምኛ ቢጫን የምንጠራበት «ኬሎ» የሚለው ቃልም የአደይ አበባ ስም ነው፤ የአዲስ ዓመትና የመስቀል አበባ። የትራፊክ መብራትን ሦስት ቀለሞች ከከተማ አምጥተን ማሳ ላይ ስንተክል ገበሬው ከእኛ በፊት ለእነዚያ ቀለሞች ትርጉም እንዳለው አላሰብንም።

ወደ ብራናው ልመለስ፤ ዋናው ነጥቤ ያለው እዚያ ነው። ጸሐፊው ቀዩን የሚያኖረው በቃሉ ላይ ነው፤ በቃሉ ፋንታ አያኖረውም። የቅዳሴ መጽሐፍን ተመልከቱ። ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለው፣ ሕዝቡ የሚለው የሚለየው በቀይ በተጻፉ «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ»፣ «ይ.ሕ» በሚሉ አኅጽሮቶች ነው። ገጹ በአንድ ቀለም ብቻ ቢታተምም ፊደሎቹ በቦታቸው ናቸው፤ ዲያቆኑ ተራውን አይስትም። ጸሐፊው እንደኔ አስቦ «ቀለሙ ከተናገረ ቃሉ ለምን ይደክማል» ብሎ ቢሆን ኖሮ የካህኑን በቀይ፣ የሕዝቡን በጥቁር ጽፎ አኅጽሮቱን ይተወው ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ ከ9000 በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ረጅሙን የምርምር ዘመናቸውን ያሳለፉት እነዚህን ቅጂዎች በመመርመርና በመመዝገብ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በፊልሙ ላይ ቀዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጥቁሩ አይለይም። ማለትም የእኛ ፕሮግራም ወደ ፋይል ሲጽፍ እንደሚያደርገው ቀለሙ ተራግፏል። ጽሑፉ ግን ተነበበ፤ ርእሱ ርእስ፣ ስሙም ስም ሆኖ ቆየ። ፈተናውን ያለፈው የጸሐፊው ሥራ ነው፤ የወደቀው የእኔ ሠንጠረዥ ነው።

ቀለሙ የሚጠፋው በፋይል ብቻ አይደለም። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ዐይኖች አሉ፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ በእኛም ዘንድ አለ። ከራሴ ክፍል አንድ ተማሪ ቀለሙን ሳይሆን የመስመሩን ቦታ እየሸመደደ ሦስት ዓመት መማሩን የነገረኝ ሊመረቅ ሲል ነው። ማየት ለተሳነው ተማሪ ጽሑፉን የሚያነብለት ፕሮግራምም ቀዩን አይናገርለትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ቀለም መረጃን የሚያስተላልፍ ብቸኛ መንገድ እንዳይሆን ይደነግጋል። መመሪያው ለድረ ገጽ የተጻፈ ቢሆንም ተርሚናልን የማይመለከትበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ደግሞ ያ ሠንጠረዥ መጀመሪያ ለምን ተንጋደደ ወደሚለው ልምጣ፤ ቃሉን ያስወጣኝ እርሱ ነውና። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። «ስንዴ» ለዐይን 3 ፊደል ነው፤ ለማሽኑ 9 ባይት ነው። አሁን ቀይ እናድርገው። ቀዩን የሚከፍተው ኮድ 5 ባይት ነው፤ የሚዘጋው 4 ባይት ነው። ድምሩ 18 ይሆናል። ዐይን የሚያየው ሦስት፣ ማሽኑ የሚቆጥረው ዐሥራ ስምንት! ዓምድ የሚያስተካክለው ትእዛዝ ባይት የሚቆጥር ከሆነ ቃሉ ከበቂ በላይ ረዝሟል ብሎ ክፍተት አይጨምርለትም። የተማሪዎቼ የሁለት ሳምንት ትግል ይህ ነበር። መፍትሔው ቃሉን ማውጣት አልነበረም። በመጀመሪያ ያልቀለመውን ቃል በፊደል ቆጥሮ በክፍተት ማስተካከል፣ ከዚያ በኋላ ማቅለም ነበር። ሁለት መስመር ኮድ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሁለት መስመር ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ቃሉን አስወጣ።

ይህም ሁሉንም አያስተካክልም። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደላችን የሚሰጠው እንደ ላቲን ፊደል አንድ ጠባብ ሣጥን ነው። «ጨ» እና «ጯ» በዚያ ሣጥን ውስጥ ይጨናነቃሉ ወይም በጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። የማድመቂያው ኮድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ፎንት ለእኛ ፊደል የደመቀ ቅርጽ አልተሳለለትምና ተርሚናሉ ያለውን ቅርጽ ራሱ ያወፍረዋል። ሲያወፍረው የ«ቤ» ቀለበት ይደፈናል፤ የተደፈነው «ቤ» ከ«ቢ» አይለይም። ማስመሩም የፊደሉን እግር ይቆርጣል፤ የእኛን ሳልስና ኃምስ የሚለየው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሩ ነው። ማዝመም ከላቲን የእጅ ጽሕፈት የመጣ ነው፤ በእኛ ፊደል ላይ ሲጫን የታመመ ያስመስለዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊደሉን ሳይነካ አጉልቶ የሚያሳይ ምን ቀረ ብትሉ ቀለም ነው። ጸሐፍቱ ቀዩን የመረጡበት ምክንያት ይህ ነው ብዬ አልከራከርም፤ በተርሚናል ላይ ግን ከሞከርናቸው ሁሉ የተሻለው እርሱ ሆኖ አግኝተነዋል። ሌላም ልጨምር፤ የግዕዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች የሚሰመርባቸውን መስመር የሚያስገኝ ኮድ በመስፈርቱ ውስጥ አለ። የታችኛው 4 ነው፣ የላይኛው 53 ነው። ሁሉም ተርሚናል 53ን አይቀበልም እንጂ ሁለቱን አጣምሮ ፲፪ን እንደ ብራናው አሠራር ማሳየት ይቻላል። ጥቅሙ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ያምራል፤ ለዛሬ ይህ ይብቃው።

ፕሮግራሙ ዛሬ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ቀበሌ ስም በፊት ቃሉ ይጻፋል፤ «ከባድ» የሚለው ከሁሉ በላይ ይወጣል፤ በፊቱም ሦስት ቃለ አጋኖ ይኖረዋል። ቀዩ አለ፤ ግን በ«ከባድ» ላይ ብቻ ነው። ቢጫውንና አረንጓዴውን አስወጣናቸው፤ በአረጋዊው ጥያቄ ምክንያት ነው። ውጤቱ ወደ ፋይል ሲሄድ ቀለሙ ይራገፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብዙ ፕሮግራሞች የተቀበሉትን «ኖ ከለር» የተባለ ስምምነት ተከትሎም ተጠቃሚው ቀለም አልፈልግም ካለ በተርሚናል ላይም ይራገፋል። በሁሉም መንገድ ግን ወረቀቱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው።

የዚያ የቆሎ ተማሪን ነገርም ሳልነግራችሁ አልወርድም። ነጥቡን ለመመለስ ስወስን ተመርቆ ሄዶ ነበር፤ ሬጅስትራር ደግሞ የተዘጋ ውጤት አይከፍትም። ስልክ ደውዬ ነገርሁት፤ ሳቀብኝና «ዶክተር፣ ሦስቱን ነጥብ ለሚቀጥለው ቀይ ለሚጽፍ ይስጡልኝ» አለኝ።

ተማሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሥራችሁን ስታቀርቡ መጀመሪያ የማስኬደው ቀለሙን አጥፍቼ ነው፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።